«ባህላቸው ነው»፦ ሃይማኖታችን በሕክምና ክፍል ውስጥ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

«ዛር» የሚለውን ቃል በትምህርት ገበታ ላይ ያገኘሁት በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ነው። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መመሪያ፣ ዲ.ኤስ.ኤም. 4 የሚባለው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በመጨረሻ ገጾቹ ላይ ከባህል ጋር የተያያዙ የሕመም ዓይነቶችን በፊደል ተራ ይዘረዝራል። የዝርዝሩ መደምደሚያ ዛር ነው። ጥቂት መስመሮች ናቸው። ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያን፣ ግብፅን፣ ሱዳንንና ኢራንን ይጠቅሳሉ፤ ስለ መጮህ፣ ስለ መሳቅ፣ ስለ ማልቀስ፣ ራስን ከግድግዳ ጋር ስለ ማጋጨት ይናገራሉ፤ ምግብ እምቢ ማለትንና የዕለት ሥራን መተውንም ያነሣሉ። በአካባቢው ሰው ዘንድ ግን እንደ በሽታ አይቆጠርም ይላሉ።

እነዚህን መስመሮች ለመውቀስ አልተነሣሁም። ለዘመናቸው በጨዋነት የተጻፉ ናቸው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ያው መጽሐፍ በዚያው እትም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግር» የሚል አዲስ ክፍል ከፍቷል። እምነቱ የተናወጠበት ወይም ሃይማኖቱን ለውጦ የተጨነቀ ሰው ወደ ሐኪም ሲመጣ፣ በሽተኛ ተብሎ ሳይመዘገብ ጉዳዩ በቁም ነገር እንዲያዝለት ነው። ፍሮይድ በ1927 ሃይማኖትን ምኞት የወለደው ሐሳብ ነው ብሎ መጽሐፍ ለጻፈበት ሙያ ይሄ ትልቅ እርምጃ ነበር።

እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት መሳቢያ አለ። በአንዱ ላይ «ሃይማኖት» ተጽፏል፣ በሌላው ላይ «ባህል»። አንድ ሰው ስለ አምላኩ፣ ስለ መናፍስት፣ ስለ መንጻት፣ ስለ ሙታኑ የሚያምነው ነገር በየትኛው መሳቢያ እንደሚገባ የሚወስነው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፦ በእስራኤል የሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ የወላጆቻችን እምነት በአብዛኛው «ባህል» በሚለው መሳቢያ ይገባል፤ አክብሮቱም የሚጠፋው እዚያው ላይ ነው። «ባህላቸው ነው» የሚለው አነጋገር አክባሪ ይመስላል። ነገር ግን ባህል የተባለ ነገር ይጠናል፣ ይደነቃል፣ በስላይድ ላይ ይወጣል። ሃይማኖት ሲባል ግን ሰውየው ግዴታ አለበት ማለት ነው። መብላት የማይችለው፣ መንካት የማይገባው፣ ሳያደርገው ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ነገር አለ። ሐኪሙም ያንን ግዴታ በሕክምናው ውስጥ አስገብቶ ማሰብ ይኖርበታል።

ቅድስና ለእነሱ፣ ሲንድሮም ለእኛ

ንጽጽሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዴቪድ ግሪንበርግና ኤሊዔዘር ዊትስቱም የተባሉ ሁለት የእስራኤል ሳይካትሪስቶች በኢየሩሳሌም ከሐሬዲም ታካሚዎች ጋር የሠሩትን የብዙ ዓመት ሥራ በ2001 በመጽሐፍ አውጥተዋል። የመጽሐፉ ርዕስ በእኛ ቋንቋ «ጤናማ አእምሮና ቅድስና» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉን ለሚያነብ ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ታካሚው ስለ መልአክ ሲያወራ ሐኪሙ መልአኩን አያስወጣውም፤ በታካሚው የሃይማኖት ቃላት እየተናገረ ወደ ሕክምናው ይገባል። ራቢ ያስፈልጋል ከተባለ ራቢ ይጠየቃል። ጸሎትን መደጋገም መቼ እንደ ሃይማኖቱ ሕግ፣ መቼ ደግሞ እንደ ሕመም እንደሚቆጠር ከሕጉ አዋቂዎች ጋር ይመከራል።

ያው ዊትስቱም ከኒምሮድ ግሪሳሩና ከዳኒ ቡዶቭስኪ ጋር ሆነው በ1996 እና በ1997 ከኢትዮጵያ ስለመጡ ስደተኞች ሁለት ጽሑፎች አሳትመዋል። ጽሑፎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ስለ ዛር ምንም ለማያውቅ ሐኪም በር ከፍተዋል፣ ባህልን እንዲያውቅም ይገፋፋሉ። ርዕሶቹን ግን ተመልከቱ። የአንደኛው ርዕስ «የዛር ሲንድሮም» ይላል። የሁለተኛው ርዕስ ጥያቄ ነው፦ ሕመም ነው ወይስ ከባህል ጋር የተያያዘ ሲንድሮም? አንባቢው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል ማለት ነው። ሦስተኛ ምርጫ፣ ማለትም «ይህች ሴት ስለ ዓለም ያላት እምነት ነው» የሚለው፣ በጥያቄው ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። ለሐሬዲው «ቅድስና» የሚለው ቃል ሽፋኑ ላይ ወጣ፤ ለጎንደሬዋ ሴት «ሲንድሮም» ደረሳት። ሐኪሞቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የአንዱን እምነት በውስጥ በኩል ያውቁታል፤ ሃይማኖት መሆኑን ለመቀበል ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ይሄ አሠራር ከእስራኤል በፊትም ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ መልካም አየሁ ከተባሉ የታወቁ ባለ ዛር ቤት ወራት ተቀምጦ ያየውን ጻፈ፤ በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ስለ ዛር «ቲያትራዊ» ገጽታ ይናገራል። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን መሲንግ ስለ ኢትዮጵያ ዛር ባወጣው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ደግሞ «የቡድን ሕክምና» የሚል ቃል አለ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ቲያትር አየ፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ሕክምናና ማኅበራዊ ደረጃ አየ፤ የአእምሮ ሐኪሞቹ ሲንድሮም አዩ። ሁሉም ያዩት ነገር እውነት አለው። ባለ ዛሯ ቡና አስፈልታ፣ ዕጣን አጭሳ፣ ከመንፈሱ ጋር ስትደራደር በእርግጥ ተመልካች አለ፣ በእርግጥ ሴቶች ተሰብስበው ይተዛዘናሉ። ነገር ግን «የዛር ፈረስ» የተባለችው ሴት ራሷ ከእነዚህ ስሞች አንዱንም አልተናገረችም። እሷ ያለችው «ጌታዬ መጣብኝ» ነው። ሕክምና ደግሞ መጀመር ያለበት ከእሷ ቃል ነው።

ዛር፣ ቡዳና ኦሪት አንድ ከረጢት ውስጥ አይገቡም

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ዛርን ሃይማኖታችን ነው እያልክ ነው?» ሊለኝ ይችላል። ኧረ አይደለም። እንዲያውም «ባህል» የሚለው መሳቢያ ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ የማይቀላቀለውን ሁሉ ይቀላቅላል።

በአንድ የሥልጠና ሴሚናር ላይ «ኢትዮጵያውያን በዛር፣ በቡዳና በክፉ ዓይን ያምናሉ፤ ቄሶችንም ያከብራሉ» የሚል አንድ ስላይድ አይቻለሁ። አራት ነገር በአንድ መስመር! የቤተ እስራኤል ቄሶች ግን ዛር መጎተትን ከኦሪት ሕግ ጋር የማይሄድ ነው ብለው ያወግዙ ነበር። በመንደር ውስጥ ሰው ተደብቆ ወደ ባለ ዛር ይሄድ ይሆናል፤ ቄሱ ፊት ግን አያወራውም። እንግዲህ አንዲት እናት በሕክምና ክፍል ውስጥ ዛር እንዳለባት ብትናገር፣ ስለ ሕመሟ ብቻ አልተናገረችም፤ በራሷ ሃይማኖት ፊት የሚያሳፍራትን ነገር ገልጣለች። ቴራፒስቱ ስላይዱን አስታውሶ «አዎ፣ በባህላችሁ ይሄ የተለመደ ነው» ሲላት ያጽናናት ይመስለዋል። እሷ ግን የተሸከመችው ሁለት ሸክም ነው፦ መንፈሱና ኀፍረቱ። ሁለተኛውን ማንም አልሰማላትም።

ቡዳ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። አያቶቻችን ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ቡዳ ናችሁ፣ ሌሊት ጅብ ትሆናላችሁ ይሏቸው ነበር። ሐጋር ሰላሞን በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ «የጅብ ሕዝብ» የሚል ርዕስ የያዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቡዳ የሚለው እምነት በእኛ ላይ የተመዘዘ መሣሪያ ነበር። ከእኛ ወገን የሆነ ሽማግሌ «ቡዳ በልቶኝ ነው» ካለ፣ ቃሉ ውስጥ የሰፈር ታሪክ፣ ስድብና ፍርሃት አለ። ይህንን «የታካሚው ባህላዊ እምነት» ብሎ ጽፎ ማለፍ አክብሮት ነው ትላላችሁ?

እምነትን ማክበር ማለት የተባለውን ሁሉ አሜን ማለት እንዳልሆነ ለእኛ ልጆች ማስረዳት አይከብድም። የታሪካችን ግማሹ በሌላ ሰው እምነት የመጣ መከራ ነው። ማክበር ማለት ይሄኛው እምነት ለዚህች ሰው ምን እንደሆነ ከራሷ መጠየቅ ነው። የምትታዘዘው ሕግ ነው? የምትፈራው ኃይል ነው? የምታፍርበት ምስጢር ነው? ወይስ ሌሎች የለጠፉባት ስም? አራቱም በአማርኛ «እምነት» ይባላሉ፤ ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም።

1985 ያልዳነበት ጥያቄ

«ይሄ ነገር ሃይማኖት ነው ወይስ የኢትዮጵያ ባህል?» የሚለው ጥያቄ ከአንድ ዴንማርካዊ አፍ ቢወጣ ተራ ጥያቄ ነው። ከእስራኤላዊ ባለሙያ አፍ ወደ እናቶቻችን ጆሮ ሲገባ ግን የ1985ን ቁስል ይነካል። ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወስነው፣ በ1975 የመመለስ ሕግ ተፈጻሚ ሆኖላቸው፣ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ገብተው ካበቁ በኋላ ራባኑት «ለጥንቃቄ» ብሎ የመጥመቅ ሥርዓት ጠየቀ። ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ ከወጣቶቹ ጋር፣ በኢየሩሳሌም ለሳምንታት ተቃውሞ ተቀመጡ። እስከ ዛሬም በጋብቻና በፍቺ ጉዳይ ራባኑት የቄስን ሥልጣን አይቀበልም።

ይህንን ታሪክ ወደ ሕክምና ክፍል አምጡት። ታካሚዋ ስለ የመርገም ጎጆ ታወራለች። በመንደሯ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ፣ ከወለደችም በኋላ፣ ተለይታ ትቀመጥ ነበር፤ እዚህ አገር በአፓርታማ ውስጥ ያ አልተቻለም። ከአርባ ዓመት በኋላ «ያኔ ቤቴን አረከስኩት» ትላለች። ልጇ ደግሞ በዳቲ ፕኒሚያ ያደገች፣ የንዳን ሕግ በራቢዎቹ መንገድ የምትጠብቅ ናት። ቴራፒስቱ የልጅቷን ሲሰማ «ሃይማኖተኛ» ብሎ ይጽፋል፤ የእናትየውን ሲሰማ «ባህላዊ የጥፋተኝነት ስሜት» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ የሚጠቅሱት ግን አንዱን ኦሪት ነው! እናትየው ይሄን ልዩነት በዕብራይስጥ ባታነበውም ታውቀዋለች፤ ድምፁን ከ1985 ጀምሮ ታውቀዋለች። የሚቀጥለው ሳምንት ባትመጣ «ሕክምናውን አቋረጠች» ተብሎ ይመዘገባል።

ማን ቀበረ? መርዶ ማን ተናገረ?

ሀዘን ላይ ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ ይታየኛል። በሱዳን መንገድና በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ማንነታቸውን ደብቀው ስለነበር ሙታናቸውን በጥድፊያ፣ በዝምታ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሥርዓት ቀበሩ። ጋዲ ቤን ኤዘር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ የጉዞውን ታሪክ ከተጓዦቹ አፍ ሰብስቦ በ2002 በመጽሐፍ አውጥቷል፤ ያን ጉዞ ያልተረዳ ሐኪም እኛን ሊረዳ እንደማይችል ከዚያ መጽሐፍ ተምሬያለሁ።

አንዲት ልጇን ሱዳን ላይ የቀበረች እናት ወደ ሕክምና መጣች እንበል። «እንዴት ነሽ?» ትባላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ስለ ልጇ ትጠየቃለች። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ትላለች። በመማሪያ መጽሐፋችን ቋንቋ ይሄ «መሸሽ» ሊባል ይችላል፤ ስሜቷን አልነካችም፣ ገና አላለቀሰችም ይባላል። ነገር ግን እኛ ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው «እግዚአብሔር ይመስገን» የንግግር መግቢያ ነው። የታመመም ይለዋል፣ የተራበም ይለዋል። «ሆድ ይፍጀው» የሚል ሕዝብ ሆዱን የሚከፍተው በሁለተኛው ወይም በአሥረኛው ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው መልስ ለፈጣሪ የሚሰጥ ሰላምታ ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ ምን ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ፦ ማን ቀበረው? አጥቦ የገነዘው ማን ነው? ለዘመድ መርዶ ማን ተናገረ? ተዝካሩስ ወጣ? እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ስሜት አይጠይቁም፤ ስለ ግዴታ ይጠይቃሉ። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ የሚነገር ወሬ አይደለም፤ ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ ጊዜ መርጠው፣ ሰውየውን ደግፈው የሚናገሩት ነው። ተዝካርም ሙታኑ የሚገባቸው ነገር ነው። ያ ሳይሆን ሲቀር በእናትየው ላይ ያለው ነገር ሀዘን ብቻ ሳይሆን ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ስላወሩበት አይከፈልም። ምናልባት የሕክምናው ግማሽ ከቄስ ጋር ተመካክሮ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተዝካር ማውጣት ይሆናል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ በሚደረገው የመታሰቢያ ሥርዓት ላይ የእናቶችን ልቅሶ የሰማ ሰው፣ አርባ ዓመት ያልተከፈለ ነገር ምን ድምፅ እንዳለው ያውቃል።

አሥራ ስድስቱ ጥያቄዎች

ሙያው ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በ2013 የወጣው ዲ.ኤስ.ኤም. 5 ያንን የሕመም ዝርዝር አንሥቶ ዘጠኝ ምሳሌዎች ብቻ አስቀረ፤ ዛር ከመካከላቸው የለም። በምትኩ 16 ጥያቄዎች ያሉት ቃለ መጠይቅ አቀረበ። ችግርህን አንተ ምን ትለዋለህ? ለቤተሰብህ ስትናገር ምን ብለህ ትገልጸዋለህ? ከምን የመጣ ይመስልሃል? ከዚህ በፊት ለእርዳታ ወዴት ሄድክ? የሚሉ ዓይነት ናቸው። መንፈሳዊ ምክንያትም ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ነው። በእስራኤልም የጤና ሚኒስቴር በ2011 ሰርኩላር 7/11 በሚል ቁጥር፣ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለታካሚው እንዲመቹ አዘዘ።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ግን አንድ አንድ ትችት አለኝ። ቃለ መጠይቁ ስለ ሃይማኖት በስፋት የሚጠይቀው ከ12ቱ ተጨማሪ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ነው። ተጨማሪ የሚባል ነገር ደግሞ ጊዜ ሲያጥር ይዘለላል፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በ2015 ወደ ኩፓት ሖሊም ከተዛወረ ወዲህ ጊዜ ይተርፈኛል የሚል ቴራፒስት አላጋጠመኝም። ለሰርኩላሩ ያለኝ ትችት ደግሞ በስሙ ይጀምራል፦ ቋንቋና ባህል። እንደገና ያው መሳቢያ!

ሦስተኛው ትችቴ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው። ጥያቄዎቹ ሲተረጎሙ ሰዋስዉ አብሮ አይተረጎምም። ዕብራይስጥ ለሰባ ዓመት ሽማግሌና ለሰባት ዓመት ልጅ አንድ «አታ» ነው ያለው። አማርኛ ላይ ሲመጣ ግን መምረጥ ግድ ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ቴራፒስት ሽማግሌውን በስማቸው ጠርቶ «ስለ እምነትህ ንገረኝ» ሲል፣ መገሸሩ እንዳለ ከተረጎመው ሽማግሌው ስድብ ሰምተዋል። «አባባ፣ ስለ እምነትዎ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ የማያስጠይቅ ከሆነ ይቅር» ቢባሉ ግን ታሪካቸውን ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለ እምነት የሚደረግ ጥያቄ በ«እርስዎ» ይጀምራል፤ አክብሮት ከየት ይጀምራል ለሚል ሰው መልሴ ይሄ ነው።

ድንበሩስ?

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እምነቱ ጎጂ ሲሆንስ?» ማለቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የምስማማባቸው ድንበሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ነፍስ። መድኃኒት ያቆመ፣ መብላት የተወ፣ ራሱን ለመግደል ያሰበ ሰው ፊት ሐኪም ዝም ማለት አይችልም። እዚያም ላይ ቢሆን ግን እምነትን መጋፋት አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በኢትዮጵያ ብዙ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች ጸበል ለመጠመቅ ብለው መድኃኒት ሲተዉ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ሐኪሞች «ጸበሉን ተዉ» ቢሉ ማን ይሰማቸው ነበር? ሃይማኖቱ ውስጥ ያለ ሥልጣን በሃይማኖቱ ቋንቋ ሲናገር ታማሚው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አልተገደደም። ለእኛ ቄሶችም ይሄ ቦታ አላቸው፤ እስካሁን በቅጡ የጠየቃቸው ጥቂት ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ምስጢር። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። በነቬ ዳዊድ ወይም በቂርያት ኤሊኤዘር የሚኖር ሰው መገሸሩ የአጎቱ ሚስት ዘመድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ባህሉን እናክብር» ተብሎ ያለ ታካሚው ፈቃድ ቄስ ወይም ሽማግሌ መጥራት ትልቅ ጥፋት ነው። ከቄሱ የሸሸችው ሴት ቄሱን በር ላይ ብታገኘው ምን ይሰማታል?

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ራሱ። ቴራፒስት በዛር ማመን የለበትም፤ በአምላክ ማመንም የለበትም። «ይሄ ይፈቀዳል፣ ያ ይከለከላል» ብሎ የመፍረድ ሥልጣንም የለውም። እንዳመነ ማስመሰልም አያስፈልገውም፤ ሽማግሌዎቻችን አስመሳይን በሩቅ ያውቁታል። የሚጠበቅበት የሰማውን ወደ ሌላ ነገር ሳይለውጥ መያዝ ነው።

በሐይፋ ለምንኖር ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በካርሜል ተራራ እግር ሥር የኤልያስ ዋሻ አለ። አይሁዳዊው፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙና ድሩዙ ለትውልድ ትውልድ እዚያ እየሄዱ ለሕመምተኞቻቸው፣ አእምሯቸው ለታወከባቸውም ጭምር፣ ሲለምኑ ኖረዋል። ከራምባም ሆስፒታል ብዙም አይርቅም። ጠዋት ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ ዋሻ የሚሄድ የሐይፋ ሰው ሞልቷል፤ ለእሱ በሁለቱ መካከል ጠብ የለም። ጠቡን የፈጠርነው ሁለት መሳቢያ የሠራነው እኛ ተማሪዎቹ ነን።

ለእኛ ለልጆቻቸው

በመጨረሻ ነገሩን ወደ ራሳችን አመጣዋለሁ። ከእኛ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ነርስ የሚሆኑ እየበዙ ነው። ብዙ ሰው «የራሳችን ልጆች ሲገቡ ችግሩ ይፈታል» ይላል። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። እኛ አማርኛውን በግማሽ፣ ኦሪቱን በራቢዎቹ በኩል፣ ዛርን በሹክሹክታ ያወቅን ትውልድ ነን። የውጭው ቴራፒስት እንደማያውቅ ስለሚያውቅ ቢያንስ ይጠይቃል። እኛ ግን «አውቀዋለሁ፣ እናቴም እንዲህ ትላለች» ብለን ሳንጠይቅ ልናልፍ እንችላለን። የጎንደሩ ከትግራዩ፣ በ1984 የመጣው በ1991 ከመጣው፣ የቄስ ልጅ ከአንጥረኛ ልጅ ይለያል።

ባለሙያ ያልሆናችሁም ብትሆኑ እናታችሁን ወደ ቀጠሮ ስትወስዱ አስተርጓሚ ትሆናላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትተረጉሙ ቃሏን አታጽዱላት። «እግዚአብሔር ነው ያመጣው» ካለች፣ እንዳታፍሩ ብላችሁ «ጭንቀት አለባት» አትበሉ። ያለችውን እንዳለችው ተርጉሙት፤ ቀጥሎም ቴራፒስቱን «ይሄ ለእሷ ሃይማኖት ነው፤ እባክህ እንደ ሃይማኖት ጻፈው» በሉት። መናገር የማትፈልገው ነገር እንዳለ ካያችሁ ደግሞ ውጡ፤ ሌላ አስተርጓሚ ጠይቁ። ለልጅ የማይነገር ነገር አለ።

በእያንዳንዱ የሕክምና መዝገብ ላይ «ሃይማኖት» የሚል አንድ ቦታ አለ። ለእኛ ሰዎች እዚያ «ይሁዲ» ተብሎ ይጻፍና የቀረው ሁሉ፣ መርገሙ፣ ተዝካሩ፣ መርዶው፣ ጾመ አስቴሩ፣ ከገጹ በታች «ባህላዊ ዳራ» በሚለው ሥር ይወርዳል። ያንን የታችኛውን ጽሑፍ ወደ ላይ ማውጣት የሙያ ጥያቄ ነው፤ ሙያውንም የምንማረው እኛ ነን።